ጓደኛችን ሰኞ ሲጋራ ሊያቆም ነው፤ ጀማው ምን ያድርግለት?

የለገሃሬ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከድሬ ነው። ከጀማችን አንዱ ሲጋራ ለማቆም ቆርጧል፤ ቀኑንም የፊታችን ሰኞ ብሎታል። ሥራው ባጃጅ መንዳት ነው። በቀን አንድ ፓኮ፣ 20 ፍሬ ያህል ያጨሳል፤ የመጀመሪያዋን የሚለኩሳት ገና ከአልጋው ሳይወርድ ነው። የሚበዛበት ግን ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ ተራ ሲጠብቅና ከሰዓት በኋላ ጫት ሲቅም፣ በርጫ ላይ። ከዚህ በፊትም ሞክሯል፤ ሁሌ ሦስተኛው ቀን ላይ ይሰበራል።

እኛ አምስት ነን፤ ከመካከላችን ሁለቱ ያጨሳሉ። "በርታ፣ አይዞህ" ከማለት ያለፈ ነገር ልናደርግለት እንፈልጋለን። ቀስ በቀስ ቢቀንስ ነው የሚሻለው ወይስ ባንዴ ቢያቆም? የኒኮቲን ማስቲካና የሚለጠፈው ነገር እንዴት ነው የሚሠሩት? ጫቱንስ አብሮ ይተው? የሚያጨሱት ሁለቱስ ምን ያድርጉ? ስለ ጉዳቱ ምክር አያስፈልገውም፣ እሱን ራሱ አምኖበታል። የሚሠራውንና የማይሠራውን የምታውቁ ዘርዝራችሁ ንገሩን።

ሲስተር ከሳቢያን፦

ሦስተኛው ቀን ላይ የሚሰበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። እሁድ ማታ የመጨረሻዋን ያጨሰ ሰው ሰኞ ከሰዓት ላይ ሰውነቱ ውስጥ የቀረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሕመሙ የሚከረው ግን ከዚያ በኋላ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው፦ ብስጭት፣ ሐሳብ መበተን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ረሃብ፣ የሆድ ድርቀት፣ አንዳንዴም ራስ ምታት። ከዚያ ወዲያ እየቀለለ ይሄዳል፤ አብዛኛው በ3 ወይም በ4 ሳምንት ይጠፋል፣ የምግብ ፍላጎቱ ብቻ ረዘም ይላል። ስለዚህ ድጋፋችሁን ለወሩ እኩል አታከፋፍሉት። ማክሰኞና ረቡዕ ላይ አክርሩት። በእነዚህ ሁለት ቀናት ብቻውን የሚያሳልፈው ሰዓት ባይኖር ይመረጣል። ጫቱን ላልከው ደግሞ፣ ቢያንስ በእነዚህ ሁለት ቀናት ከበርጫ ይቅር።

ሀራራ ሲመጣ ካላጨሰ የማያልፍለት ይመስለዋል። ያልፋል። አንዱ ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው፣ ቢበዛ 10 ደቂቃ። እዚህ ላይ ነው ጓደኛ ከመድኃኒት እኩል የሚጠቅመው። ሲደውልላችሁ "ምን ሆንክ? ልታጨስ ነው?" አትበሉት። ወሬ አምጡ፤ የኳስ ይሁን የሠፈር፣ ብቻ 10 ደቂቃ አስወሩት። በአካል ከሆነም ተነሱና አብራችሁት ተራመዱ፣ ውሃ ይጠጣ። ማን በየትኛው ሰዓት ስልክ እንደሚያነሳ እሁድ ማታ ተከፋፈሉ፤ "ሁላችንም አለንልህ" የሚባል ነገር መጨረሻው ማንም አለማንሳቱ ነው። ከሁሉም የሚከብደው የጠዋት ተረኛ ነው። የመጀመሪያዋን ከአልጋ ሳይወርድ የሚለኩስ ሰው እስኪደውል አይጠበቅም፤ በሚነቃበት ሰዓት እናንተ ደውላችሁ ከአልጋው አስነሱት፣ ፊቱን ይታጠብ፣ ቁርሱን ቶሎ ይብላ።

የማይረዱ ነገሮችም አሉ። ኪሱን መፈተሽ፣ አፉን ማሽተት፣ በየሰዓቱ "አላጨስክም አይደል?" ማለት። የመጨረሻው በተለይ ረስቶት የነበረውን ሲጋራ እናንተው ታስታውሱታላችሁ ማለት ነው። "ወንድ ከሆንክ ታቆማለህ" የሚለው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ አንድ ቀን ከተሰናከለ ሰው እንዳይንቀው ብሎ ይደብቃችኋል፤ ከደበቃችሁ በኋላ ልትረዱት አትችሉም። በመጀመሪያው ሳምንት ቢቆጣና ቢሳደብ መልስ አትስጡት። በሳምንቱ ራሱ ይቅርታ ይላችኋል።

እሁድ ማታ ቤቱንና ባጃጁን አብራችሁት አጽዱ። ፓኮ፣ ላይተር፣ መተርኮሻ፣ ወንበር ሥር የወደቀ ቁራጭ ሳይቀር ይውጣ። የባጃጁ የወንበር ልብስና ጃኬቱ ይታጠቡ፤ ሽታው ራሱ ሀራራ ይቀሰቅሳል። "ለክፉ ቀን" ተብላ የምትደበቅ አንዲት ፍሬ አትኑር፤ ክፉው ቀን ረቡዕ ነው።

ቀስ በቀስ ወይስ ባንዴ ላልከው፣ በሁለቱም መንገድ ያቆሙ ብዙ ሰዎች አሉ። ቀኑ ሰኞ ተብሎ ከተቆረጠ ግን ባንዴ ይሁን ባይ ነኝ። ከ20 ወደ 10 የሚቀንስ ሰው ሳያውቀው አጥብቆ ይስባል፣ ጭሱንም ውስጡ ያቆየዋል፤ በቁጥር ግማሽ ቢሆንም የሚያገኘው ኒኮቲን ግማሽ አይሆንም። የቀሩት ፍሬዎች ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጡታል። መቀነስ ግድ ነው ካለ ከሁለት ሳምንት አይለፍ፣ የመጨረሻው ቀን ከወዲሁ ይወሰን፣ ቅነሳውም በቦታ ይሁን፦ መጀመሪያ ባጃጅ ውስጥ ማጨስ ይቅር፣ ቀጥሎ ተራ ላይ፣ ከዚያ በርጫ ላይ። በቁጥር መቀነስ በርጫ ላይ ሲደርስ ይፈርሳል፤ እዚያ የሚቆጥር ሰው የለም።

የሚያጨሱት ሁለቱ ቢያንስ ለ4 ሳምንት እሱ ባለበት አያጭሱ፣ አጭሰውም ወዲያው አጠገቡ አይቀመጡ፣ ፓኮአቸውን ምንጣፉ ላይ አያስቀምጡ፣ "ያዝልኝ፣ ለኩስልኝ" አይበሉት። አብረውት ቢያቆሙ እሰየው፤ ግን ለእሱ ሲሉ ብቻ እንዲያቆሙ አትጫኗቸው። ሳያምንበት የገባው ሰው ቀድሞ ይወጣል፤ ሲወጣም ሌላውን ይዞ ነው።

ፋርማሲስቱ፦

ሲስተር ያለችውን ሳልደግም ወደ መድኃኒቱ ልግባ። የጥገኝነቱ ክብደት የሚታወቀው በፓኮ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ከነቃ በኋላ እስከ መጀመሪያዋ ሲጋራ ያለው ጊዜም ይለካል። 30 ደቂቃ ሳይሞላው የሚያጨስ ሰው 4 ሚሊግራሙን ማስቲካ ይወስዳል፣ ከዚያ በላይ የሚቆይ ደግሞ 2 ሚሊግራሙን። ፓች የሚባለውን ተለጣፊ በቀን ከ10 ፍሬ በላይ የሚያጨስ ከ21 ሚሊግራም ይጀምራል፦ 6 ሳምንት በ21፣ 2 ሳምንት በ14፣ 2 ሳምንት በ7። ጓደኛችሁ በሁለቱም መለኪያ ከከባዶቹ ነው። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ከአንዱ ብቻ ይሻላሉ። ፓቹ ቀኑን ሙሉ እኩል እየሰጠ ይይዘዋል፤ ማስቲካው ሀራራው ድንገት ሲነሳ ይደርስለታል። በየመድኃኒት ቤቱ ሁልጊዜ አይገኙም፤ ሰኞን ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ጠይቁ፣ ከመንገድ ላይም አትግዙ።

ፓቹን የምታበላሸው የድሬ ሙቀት ናት። ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ፀጉር የሌለበት ቆዳ ላይ ይለጠፋል፤ ቅባት ወይም ሎሽን ከተቀባ አይይዝም። ጠዋት ታጥቦ በደንብ ደርቆ፣ ላብ ሳይጀምረው ይለጥፈው፣ በመዳፉም ለ10 ሰከንድ ይጫነው። ባጃጅ ነጂ ስለሆነ ፀሐይ የሚመታው ክንድ ላይ አይሁን፤ ቆዳ ሲሞቅ ኒኮቲኑ ከታሰበው በላይ ይገባል፣ ማቅለሽለሽና የልብ ምት መፍጠን ያመጣል። የላይኛው ጀርባ ወይም ደረት ከልብስ ሥር ይሻላል። ጠርዙ ከተነሳ በሕክምና ፕላስተር ይያዝ። በየቀኑ ቦታ ይቀይር፤ ወደዚያው ቦታ ከሳምንት በፊት አይመለስ፣ ቆዳው ይቆጣል። ሌሊት የሚያስፈራ ሕልም ከበዛበት ሊተኛ ሲል ያውልቀውና ጠዋት አዲስ ይለጥፍ። ያለቀውን የሚያጣብቀውን ፊት ወደ ውስጥ አጥፎ ሕፃን የማይደርስበት ቦታ ይጣለው፤ የተረፈው ኒኮቲን ለሕፃን መርዝ ነው። ማስቲካውንም ባጃጁ ውስጥ ፀሐይ ላይ ትቶት አይዋል።

አሁን ማስቲካው። "ሞክሬው አልሠራም" ከሚሉት ብዙዎቹ እንደ ተራ ማስቲካ ያኘኩት ናቸው። ኒኮቲኑ መግባት ያለበት በጉንጭ በኩል ነው እንጂ በሆድ አይደለም። ቀስ ብሎ ጥቂት ጊዜ ያኝከዋል፤ ምላስ ላይ የሚያቃጥል ወይም የሚነዝር ስሜት ሲመጣ ያቆምና በጉንጭና በድድ መካከል ያስቀምጠዋል። ስሜቱ ሲጠፋ፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፣ እንደገና ያኝክና በሌላው ጉንጭ ያስቀምጠዋል። እንዲህ እያለ 30 ደቂቃ። ዝም ብሎ ካኘከው ምራቁን ይውጠዋል፣ ያኔ ስርቅታ፣ ቃርና ማቅለሽለሽ ይመጣል፣ ሀራራው ግን አይበርድም። ያለ ፓች ከሆነ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ አንድ፤ ከ7ኛው እስከ 9ኛው ሳምንት በየ2 እስከ 4 ሰዓቱ፤ ከ10ኛው እስከ 12ኛው በየ4 እስከ 8 ሰዓቱ። በቀን ከ24 አይለፍ። ከፓች ጋር ከሆነ ሀራራ ሲነሳ ብቻ።

በርጫ ላይ ማስቲካው የሚከሽፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ጫት የያዘ ጉንጭ ለማስቲካ ቦታ የለውም። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ ኮካ፣ ጁስና ቡና አፍን አሲዳማ ያደርጋሉ፤ አሲድ ባለበት ኒኮቲን በጉንጭ አይገባም። ማስቲካውን ከመጠቀሙ 15 ደቂቃ በፊትና አፉ ውስጥ እስካለ ድረስ ከውሃ በቀር ምንም አይጠጣ። በርጫ ላይ በለስላሳ እያወራረደ ማስቲካ የሚያኝክ ሰው ብሩን እየጣለ ነው።

የሚዋጡ መድኃኒቶችም አሉ፤ ቡፕሮፒዮንና ቫሬኒክሊን። ሁለቱም በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ ናቸው፤ ሁለቱም የሚጀመሩት ከማቆሚያው ቀን 1 ወይም 2 ሳምንት ቀደም ብሎ ነው፣ ስለዚህ ለዚህ ሰኞ አይደርሱም። ቡፕሮፒዮን ላይ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። መድኃኒቱ የሚጥል በሽታን የመቀስቀስ ጠባይ አለው፤ አነቃቂ ነገር የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ አደጋው ይጨምራል። የጫት ካቲኖን አነቃቂ ነው። ስለዚህ የሚቅም ሰው ጫቱን ከሐኪሙ ደብቆ ቡፕሮፒዮን አይጀምር። ከዚህ በፊት የሚጥል በሽታ ያጋጠመው ሰው ጨርሶ አይወስደውም።

የሸዋ በር፦

ከሐረር ነኝ። ሁለታችሁም ያልነካችሁት ቡናው ነው፤ በእኛ አገር እሱ ከተረሳ ብዙ ነገር ይበላሻል። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ይህን የሚያደርገው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ ስላልሆነ ፓች መለጠፍ አይተካውም። ሲጋራው በቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉበት ወደ ዝግታው ይመለሳል፤ ያው የለመደው ቡና ደም ውስጥ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ካፌይን ይተዋል። ውጤቱ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መቁነጥነጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ነው። ልጁ ግን "ሲጋራ ስላጣሁ ነው" ብሎ ያስባል፣ መድኃኒቱም ሲጋራ ይመስለዋል። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ቡናውን በግማሽ ይቀንስ፦ ሦስት ሲኒ የሚጠጣ አቦልን ብቻ ጠጥቶ ይነሳ፣ ከሰዓት በኋላ ይቅር። ቁጢና ሀሸርም ካፌይን አላቸው፤ የቡና ቅጠልና ገለባ ነው ተብሎ አይታለፍ። ቡናና ሲጋራ አብረው ለለመዱበት ሰው ደግሞ የሚጠጣበትን ቦታ መቀየር ይረዳል፤ ሁሌ ከሚቀመጥበት በርጩማ ላይ አይቀመጥ።

በነካ እጄ፣ ይኸው የጉበት ለውጥ አንዳንድ መድኃኒቶችንም ይነካል። ለአእምሮ ሕመም ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን፣ ለደም መርጋት ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው፣ እንዲሁም፣ ምክንያቱ ከጉበቱ ሌላ ቢሆንም፣ ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ታማሚ ማቆሙን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፣ መጠኑ ሊስተካከል ይችላል።

በጫቱ ላይ ግን ከሲስተር ትንሽ እለያለሁ። ለሁለት ቀን ብቻ ማጠንከር አይበቃም፤ 4 ሳምንት ከበርጫ መራቅ ነው የሚያዋጣው። ምርቃና ላይ ሲጋራ ሲጋራን ይጠራል። ሰዓት ይረዝማል፣ እጅ ሥራ ይፈልጋል፣ አፍ ይደርቃል፣ ክፍሉ በጭስ ይታፈናል፣ የወሰነውን ውሳኔ የሚያስታውስበት ጭንቅላትም ያን ሰዓት ሌላ ነው። ጠዋት 10 ጊዜ እምቢ ያለ ሰው በርጫ ላይ ሳያስበው ተቀብሎ ይለኩሳል።

ጫቱን ባንዴ ሲያቆም ዱካክ ይመጣል፤ ሌሊት የሚጫጫን ቅዠት፣ ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ መፍዘዝ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ የሚያልፍ ነው። ፓቹም ሕልም ስለሚያበዛ ሁለቱ ሲደራረቡ ያስደነግጣል፤ ፋርማሲስቱ እንዳለው ማታ ማታ ማውለቅ ነው። ይህን ከወዲሁ ንገሩት፣ ሲመጣ "ሰውነቴ ሲጋራውን ካላገኘ አይሆንለትም" እንዳይል።

ጫቱን አልተውም ካለ ደግሞ በርጫውን እናንተ ቀይሩት እንጂ ብቻውን አትተዉት። ክፍሉ ውስጥ ማንም አያጭስ፤ የሚያጨስ ከግቢ ወጥቶ ይምጣ። ሰዓቱ ይጠር፣ ከአሥር ሰዓት በፊት ይነሱ። ከለስላሳው ይልቅ ውሃ ይቅረብ፣ ሎዝ ይኑር፣ ካርታ ወይም ዶሚኖ እጁን ይያዝለት። ጨብሲው፣ ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ፣ ደግሞ ጨርሶ ይቅር፤ በርጫን አልፎ ጨብሲ ላይ የሚወድቀው ቀላል አይደለም፣ መጠጥ የያዘ እጅ ሲጋራ ይፈልጋል።

የአሸዋ ልጅ፦

አቦ ተራውን ረሳችሁት! ልጁ ቀኑን የሚውለው እዚያ ነው። ተራ ላይ የሚያጨሰው ሀራራ ይዞት ብቻ አይደለም፣ ሥራ ስለሌለው ነው። ስለዚህ ለእጁና ለአፉ ሥራ ስጡት። ለአፍ መፋቂያ የሚያክል የለም፤ ርካሽ ነው፣ እጅም ይይዛል፣ ድሬ ላይ መፋቂያ የያዘን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ቅርንፉድ ወይም ሄል አንዷን ፍሬ አፍ ውስጥ መያዝም ያግዛል። የሚያጨሱት ሾፌሮች ከሚሰበሰቡበት ጥላ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ሙቀቱ ከከበደ ባጃጁ ውስጥ ይቀመጥ፣ ግን ባጃጁ ከሰኞ ጀምሮ ለተሳፋሪም ቢሆን ጭስ የሌለበት ይሁን።

ሁለተኛው ጉዳይ በፍሬ መሸጡ ነው። ፓኮ መግዛት ውሳኔ ይጠይቃል፤ አንድ ፍሬ ግን በዝርዝር ሳንቲም ከሱቅ በደረቴ ይገዛል፣ ልጆቹም ሳይጠሩ ይመጣሉ። እሁድ ዕለት ከእናንተ አንዱ ከእሱ ጋር ዞሮ ተራው አካባቢ ለሚሸጡት ልጆችና ለሠፈሩ ባለሱቅ ይንገር፦ "ከነገ ጀምሮ ለእሱ እንዳትሸጡ።" ዱቤ ካለበት ይክፈልና ይዝጋ። ባለሱቁ አንድ ጊዜ "ተው እንጂ፣ አቁመህ የለ?" ካለው ያ 5 ደቂቃ አለፈች ማለት ነው።

ሰው ሲጋራ ሲዘረጋለት "ለማቆም እየሞከርኩ ነው" አይበል፤ እሱ ክርክር ይከፍታል፣ "አንዷ ምን ታደርግሃለች" ይመጣል። "አላጨስም" ብሎ ወሬ መቀየር ይሻላል። እናንተ ካላችሁ ከእሱ በፊት መልሱለት።

ብሩንም ተጠቀሙበት። የፓኮውን ዋጋ በየቀኑ ጠዋት፣ በሚገዛበት ሰዓት፣ ከእናንተ ለማያጨሰው ይስጠው። በ28ኛው ቀን ሙሉውን ይወስዳል። ካጨሰ ብሩ ለመስጊድ፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለተቸገረ ጎረቤት ይሂድ። የጀማው ጫት መግዣ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ እሱ ቢሰበር የሚጠቀም ሰው ከመካከላችሁ መኖር የለበትም። ሕጉ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይነገር፣ በመሐል አይቀየር።

የለገሃሬ ልጅ፦

አላህ ይስጣችሁ፣ ብዙ ነገር ግልጽ ሆነልን። ሦስት ነገር ልጨምር። ከጀማው አንዱ "ሺሻ ወይም የኤሌክትሪኩን ይሳብ፣ ይቀለዋል" ይላል። ሌላው ደግሞ "ረመዳን ሲገባ ያቁም፣ ያኔ በጾሙ ይታገዛል" ብሏል። አንዲት ካጨሰስ ምን እናድርግ? ከዚህ በፊት አንዷን ካጨሰ በኋላ ማታውኑ ፓኮ ገዝቷል።

ፋርማሲስቱ፦

ሺሻ መተኪያ አይደለም። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ኒኮቲኑን አያስቀርም፤ ከሰሉ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምርበታል። አንድ ሰዓት ሺሻ ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ ውስጥ የሚስበው ጭስ ከአንዲት ሲጋራ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሺሻም ሆነ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሽያጭ በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ በኮንትሮባንድ የገባው ውስጡ ምን ያህል ኒኮቲን እንዳለ የሚቆጣጠረው የለም። ሱረትና ጋያም እንደዚሁ፤ ሱሱን ቦታ ያስቀይሩታል እንጂ አያስጥሉትም። ያው አዋጅ ሰው በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስንም ከልክሏል፤ ካፌና ምግብ ቤት ስትመርጡ ይህን የሚያከብረውን ምረጡ፣ ለእሱ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሲስተር ከሳቢያን፦

በጫቱ ጉዳይ የሸዋ በርን ሐሳብ እቀበላለሁ፤ 4 ሳምንት ከተቻለ ከሁለት ቀን በብዙ ይሻላል።

ረመዳንን በተመለከተ፣ የቆረጠ ሰው ቀኑን አይግፋ። ቁርጠኝነቱ ያለው አሁን ነው፤ ረመዳን ሲደርስ ይኑር አይኑር አይታወቅም። ረመዳን ሲገባ ግን ለተረኞቹ አንድ ነገር ልንገራቸው፦ ቀን 13 ሰዓት ገደማ ያለ ሲጋራ የዋለ ሰው የሚፈተነው በመግሪብ ነው። ቴምሩንና ውሃውን ቀምሶ ወዲያው ሲጋራ የለመደ ከሆነ ከኢፍጣር እስከ ተራዊህ ያለችውን ሰዓት አብራችሁት ሁኑ፤ ከጀማው ቤት ያፍጥር፣ ከዚያ አብራችሁ ወደ መስጊድ ሂዱ። ማስቲካው ጾም ስለሚያስፈታ ሌሊት ብቻ ነው። ስለ ፓቹ ደግሞ ሼኻችሁን ጠይቁ።

አሁን ወደ መሰናከሉ። አንዲት ማጨስና መመለስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሚያገናኛቸው "አንዴ ተበላሽቷል" የሚለው ሐሳብ ነው። ያን ሐሳብ ነው ማታውኑ ማቋረጥ ያለባችሁ። ሲነግራችሁ አትደንግጡ፣ አትገሥጹት፣ "እኛኮ ብለን ነበር" አትበሉት። የተረፈ ፍሬ ካለ አብራችሁት ጣሉ፣ ያን ማታ ብቻውን አይደር፣ ነገ ጠዋት ተረኛው እንደወትሮው ይደውል። ፓች ለጥፎ ከሆነ አያውልቀው፤ "ፓች ለብሶ ያጨሰ ልቡ ይቆማል" የሚባለው ሰዎችን ፓቹን አስጥሎ ወደ ሲጋራ የሚመልስ ወሬ ነው፣ በአንዲት ሲጋራ የሚመጣ እንደዚያ ያለ ነገር የለም። የብሩ ስምምነት እንደተነገረው ይፈጸም፣ በነጋታው ግን አዲስ ይጀመር። ከዚያ ረጋ ሲል ጠይቁት፦ የት ነበር? ስንት ሰዓት? ማን ሰጠው? ምን በልቶ ወይም ጠጥቶ ነበር? መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ የተረሳ ቦታ ነው፤ ርቦት ተራ ላይ መቆየት፣ ከባለቤቱ ጋር መጋጨት፣ ሰርግ፣ ለቅሶ ቤት። ያችን ቦታ ትዘጋላችሁ። ለቅሶና ሰርግ ላይ ሁሌም ከእናንተ አንዱ አጠገቡ ይቀመጥ፣ ይህ ከወሩም በኋላ ይቀጥል። ከስድስት ወር በኋላ የሚመለሱት ብዙዎቹ በእንደዚህ ዓይነት ቀን "አንዷን" ያሉ ናቸው።

ክብደቱም ይጨምራል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ። በመጀመሪያው ወር ይቀንስ ብላችሁ አታስጨንቁት፣ ሁለት ትግል ባንዴ አይሆንም። ከጣፋጭ ይልቅ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ብርቱካን ይቅረብለት፤ ለሆድ ድርቀቱም ይጠቅማል።

ሳል ሊብስበት ይችላል። ጭሱ ያደነዘዛቸው የሳንባ ማጽጃ ፀጉሮች ሥራ ሲጀምሩ አክታ ይወጣል። ነገር ግን ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው፣ ወይም ደም ከተቀላቀለበት፣ ማታ ማታ የሚያልበው ከሆነ፣ ያለ ምክንያት ከከሳ "ሲጋራ ስላቆመ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ጤና ጣቢያ ወይም ድል ጮራ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱና የአክታ ምርመራ ይደረግለት፤ ቲቢ ሊሆን ይችላል፣ በጭስ በታፈነ ክፍል ብዙ ሰዓት አብራችሁት የምትቀመጡ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የእናንተም ነው።